ለዋሻ ጠለቃ ፊንና የሙቀት ልብስ አመራረጥ

የዋሻ ጠለቃ በላዩ ጣሪያ ባለበት ውሃ ውስጥ የሚደረግ ጠለቃ ነው። በክፍት ውሃ ችግር የገጠመው ጠላቂ ወደ ላይ ይወጣል፤ ዋሻ ውስጥ ግን መውጫው የገባበት መንገድ ብቻ ነው። የሙያው ሰዎች ሁለት ክልል ይለያሉ። ካቨርን የሚሉት የዋሻውን ደጃፍ ነው፤ የፀሐይ ብርሃን ከዓይን የማይጠፋበት፣ በብዙ የሥልጠና ደንቦችም ከውሃው ገጽ ጀምሮ ጥልቀቱና ርቀቱ ተደምሮ ከ60 ሜትር የማያልፍ ክልል ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ጨለማ ዋሻ ይባላል።

ፊን፣ ማለትም እግር ላይ የሚጠለቀው መቅዘፊያ፣ ብዙውን ጊዜ የሚገዛው በፍጥነቱ ነው። ልብስ ደግሞ የሚገዛው የውሃውን ሙቀት አይቶ ነው። ለዋሻ ሁለቱም መለኪያ ያሳስታል። የዋሻ ፊን የሚመዘነው ወደ ኋላው በሚተወው ውሃ ነው፣ ልብሱም በጠለቃው የመጨረሻ ግማሽ ሰዓት። ሁለቱን ለየብቻ መምረጥም አይቻልም፤ ልብሱ ሲቀየር የእግር ክብደት ይቀየራል፣ የእግር ክብደት ሲቀየር ደግሞ የትናንቱ ፊን ለዛሬ አይሆንም።

ደለሉና የእግር አመታቱ

የአብዛኛው ዋሻ ወለል በደቃቅ ደለል የተሸፈነ ነው። ጠላቂው በተለመደው የመቀስ አመታት፣ አንዱን እግር ወደ ላይ ሌላውን ወደ ታች እያደረገ ቢዋኝ፣ ወደ ታች የወረደው ፊን ወለሉን ባይነካም የገፋው ውሃ ይነካዋል። ደለሉ እንደ ጭስ ይነሳል። ጠላቂው ግን ይህን አያይም፤ ከፊቱ ያለው ውሃ እንደ መስታወት የጠራ ነው። ጉዱ የሚታየው ዞሮ ሲመለስ ነው። ያን ጊዜ የእጁ መብራት ቡናማ ግድግዳ ላይ ያርፋል፤ የሚቀረው አማራጭ መሪ ገመዱን፣ ማለትም መውጫውን ለማግኘት ከደጃፉ ጀምሮ የተዘረጋውን ገመድ፣ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ቀለበት ውስጥ አስገብቶ በዳሰሳ መውጣት ይሆናል። ሻካራ አሸዋ በደቂቃዎች ይሰክናል፤ የሸክላ ደለል ግን ለሰዓታት፣ ውሃው ካልተንቀሳቀሰም ከዚያ በላይ ተንጠልጥሎ ይቆያል።

ስለዚህ ዋናው አመታት የእንቁራሪት አመታት ነው። ጉልበት ይታጠፋል፣ ቅልጥም ከጀርባ መስመር በላይ ይነሳል፣ የእግር መዳፍ ወደ ውጭ ይገለበጥና ውሃውን በቀጥታ ወደ ኋላ ይገፋል፤ ከዚያ እግር ሳይንቀሳቀስ መንሸራተት ይከተላል። መተላለፊያው ሲጠብ ቁርጭምጭሚትን ብቻ የሚያንቀሳቅስ ትንሽ አመታት ይበቃል። ባሉበት ለመዞር አንዱ ፊን ወደ ፊት፣ ሌላው ወደ ኋላ ይቀዝፋል። ከሁሉ የሚከብደው የኋሊት አመታት ነው። በፊኑ ጠርዝና በላይኛው ገጹ ውሃ ወደ ራስ ይሳባል፤ ጠባብ ቦታ ላይ ወደ ቀደመው ጓደኛ ፊን ተጠግቶ ለቆመ ሰው ይህን አመታት የሚተካ የለም።

ፊኑን የሚመርጠው ይህ የመጨረሻው አመታት ነው ማለት ይቻላል። መሐሉ ለሁለት የተሰነጠቀ ልፍስፍስ ፊን ወደ ፊት ያስኬዳል፤ ወደ ኋላ ሲሳብ ግን ይታጠፍና ውሃውን ይለቀዋል። በአንድ ትንፋሽ ለሚጠልቁ የተሠራው ረጅም ፊን ደግሞ ጠላቂው የማያየውን ጫፍ ያረዝማል፤ ጣሪያም ወለልም ይነካል፣ ባሉበት መዞርን ያበላሻል። የሚፈለገው አጭር፣ ሰፊና ደንዳና ቅጠል፣ ማለትም ውሃውን የሚገፋው ጠፍጣፋ ክፍል፣ ያለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የወጣው፣ ስኩባፕሮ የተባለው ኩባንያ ጄት ፊን፣ ቅጠሉ ላይ ክፍተቶች ያሉት ከባድ ጥቁር ጎማ፣ እስከ ዛሬ ለዋሻ ፊን ናሙና ሆኖ የቆየው በዚህ ምክንያት ነው፤ አዳዲሶቹም ቅርጹን ይዘው ቁሳቁሱን አቅልለውታል። ድንዳኔው ግን ልክ አለው። እግሩ ያልለመደ ሰው በጣም ደንዳና ፊን አድርጎ ከምንጩ የሚወጣ ኃይለኛ ፍሰት ቢታገል ጡንቻው ይኮማተርበታል። በሰሜን ፍሎሪዳ እንዳሉት ፍሰታቸው ኃይለኛ በሆኑ ዋሻዎች ልምድ ያላቸው ጠላቂዎች ድንጋይ በጣት እየያዙ ራሳቸውን ወደ ፊት ይስባሉ፤ እግር ያርፋል፣ ትንፋሽም ይቆጠባል።

ልክና ማሰሪያ

ፊን የሚለካው በባዶ እግር አይደለም፤ ከውሃው ቡትስ ጋር ነው። የድራይሱት (ውሃ የማያስገባው ልብስ) ቡትስ ከዌትሱቱ (ውሃ የሚያስገባው የጎማ ልብስ) ስለሚወፍር አንድ ሰው ለሁለቱ ልብሶች ሁለት የተለያየ ቁጥር ሊያስፈልገው ይችላል። መፈተኛው ቀላል ነው። ፊኑን አጥልቆ ቅጠሉን በእጅ ግራና ቀኝ ማዞር፦ እግር ሳይንቀሳቀስ ፊኑ ብቻ ከዞረ ሰፍቷል፤ የእንቁራሪት አመታት ኃይልም እዚያው ይባክናል። ጣት ታጥፎ ከተጨነቀ ጠቧል። ጥበቱ ሱቅ ውስጥ ምንም አይመስልም፤ ውሃ ውስጥ አንድ ሰዓት ሲሞላ ግን እግር ይደነዝዛል፣ የደነዘዘ እግርም ቶሎ ይቀዘቅዛል።

ማሰሪያው ከቅጠሉ ያላነሰ ነገር ነው። የጎማ ማሰሪያ ከነፕላስቲክ ዘለበቱ ወደ ውጭ ይወጣል፣ የተንጠለጠለው ጫፉም መሪ ገመድ ይይዛል። ገመድ ፊን ላይ ሲጠመጠም ጠላቂው ራሱ ሊፈታው አይችልም፤ ዞር ሲል ይባስ ያጠብቀዋል። ስለዚህ ብዙዎች ወደማይዝግ የብረት ስፕሪንግ ይቀይሩታል። ስፕሪንግ ዘለበት የለውም፣ ልብሱ በጥልቀት ሲጨመቅ አብሮ ይሰበሰባል፣ ወፍራም ጓንት ባጠለቀ እጅም ይጎተታል። መቀየር ያልቻለ ሰው የማሰሪያውን ጫፍ ወደ ውስጥ አዙሮ በኤሌክትሪክ ቴፕ ይጠቀልለዋል። አያምርም፤ ያንኑ ሥራ ግን ይሠራል።

እግር ለምን ይወርዳል

ዋሻ ውስጥ ሰውነት ከወለሉ ጋር ትይዩ ሆኖ መጋደም አለበት። እግር ከወረደ ፊኑ ወደ ወለሉ ያነጣጥራል፣ የተሻለው አመታት እንኳ ደለል ያነሳል። የፊን ክብደት እዚህ ይገባል። በባልዲ ውሃ ቢሞከሩ ከባዱ ጎማ ይሰምጣል፤ ከቀላል ፕላስቲክ የተሠሩት አንዳንዶቹ ይንሳፈፋሉ። ድራይሱት የለበሰ ሰው ቡትሱ ውስጥ ጋዝ ስለሚገባ እግሩ ወደ ላይ ይሳባል፤ ከባድ ፊን ይስማማዋል። በሞቀ ውሃ ስስ ዌትሱት ለብሶ የአሉሚኒየም ሲሊንደር (የመተንፈሻ ጋዝ የያዘ ጠርሙስ) የተሸከመ ሰው ግን ያንኑ ፊን ቢያደርግ እግሩ እንደ መልህቅ ይወርዳል።

የሚፈተነው ጥልቀት በሌለው ውሃ ነው። ጠላቂው ተጋድሞ፣ ጉልበቱን አጥፎ፣ እጁንም እግሩንም አቁሞ 30 ሰከንድ ይጠብቃል፤ የትኛው ወገን ቀድሞ እንደሚወርድ ጓደኛው ያያል። እግሩ ከወረደ ሌላ ፊን ከመግዛት በፊት ሲሊንደሩን ጥቂት ሴንቲ ሜትር ወደ ራስ መግፋት ወይም የወገቡን የእርሳስ ክብደት ወደ ላይ ማንሳት ይሞከራል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የዕቃም አይደለም፤ ጠላቂው ሳያውቀው ጭኑን ጥሎት ነው።

በሜክሲኮ የዩካታን ሴኖቴዎች፣ ማለትም ጣሪያቸው ተደርምሶ ውሃ የሞላቸው የኖራ ድንጋይ ጉድጓዶች፣ ሌላ ነገር ይጨመራል። ላይ ያለው ውሃ ጨው አልባ፣ ታች ያለው የባሕር ውሃ ነው። ጨዋማው 2.5 በመቶ ያህል ስለሚከብድ ጠላቂው ከነዕቃው 100 ሊትር ቦታ የሚይዝ ከሆነ ድንበሩን አልፎ ሲወርድ የ2.5 ኪሎ ያህል ማንሻ በድንገት ያገኛል። ማንሻው ወደ ጣሪያው ይገፋዋል፤ ጣሪያው ላይ ደግሞ ለዘመናት ያደጉ የኖራ ድንጋይ ዘንጎች ተንጠልጥለዋል፤ አንድ ጊዜ ከተሰበሩ የሚመልሳቸው የለም።

ብርዱ

ውሃ የሰውነትን ሙቀት ከአየር 25 ጊዜ ያህል ፈጥኖ ይወስዳል። የሰሜን ፍሎሪዳ ምንጮች ዓመቱን ሙሉ 22 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ናቸው፤ ሴኖቴዎቹ 25 አካባቢ፣ የደቡብ ፈረንሳይ ዋሻዎች ደግሞ 13 ገደማ። 22 ዲግሪ ውሃ ላይ ድራይሱት የለበሰ ሰው ያየ አዲስ ጠላቂ ይገረማል። መልሱ ሰዓቱ ነው፤ የካቨርን ጠለቃ 40 ደቂቃ ሊበቃው ይችላል፣ የዋሻው ግን ከዲኮምፕሬሽን ቆይታው ጋር፣ ማለትም በጥልቀት ሰውነት ውስጥ የገባው ጋዝ ቀስ ብሎ እንዲወጣ እየቆሙ ከሚወጡበት ጊዜ ጋር፣ ሁለት ሰዓትና ከዚያ በላይ ይሄዳል።

ብርድ ምቾት ብቻ አይነሳም። የዋሻ ጋዝ በሦስት ይከፈላል፦ ሲሶው ለመግቢያ፣ ሲሶው ለመውጫ፣ ሲሶው ለችግር ቀን። ይህ ስሌት ሲወጡም እንደ መግቢያው ይተነፈሳል ብሎ ያስባል። የሚንቀጠቀጥ ሰው ግን ብዙ ይተነፍሳል፣ ጣቱ ቫልቭ አያዞርም፣ ሐሳቡም ይዘገያል። ዲኮምፕሬሽኑም ላይ ጣጣ አለው። የአሜሪካ ባሕር ኃይል የጠለቃ ሙከራ ክፍል እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው ጥናት ታች ሞቆት በዲኮምፕሬሽን የበረደው ጠላቂ ለዲኮምፕሬሽን በሽታ፣ ማለትም ጋዙ ሰውነት ውስጥ አረፋ ሲሆን ለሚመጣው ሕመም፣ ይበልጥ የተጋለጠ ሆኖ ተገኝቷል። በባትሪ የሚሞቅ ሰደርያ የሚለብስ ሰው ባትሪውን መግቢያው ላይ ጨርሶ ዲኮምፕሬሽኑ ላይ ቢበርደው የከፋውን ቅደም ተከተል መረጠ ማለት ነው።

ዌትሱት ወይስ ድራይሱት

ዌትሱት ለካቨርንና ለሞቀ ውሃ በቂ ነው። ውፍረቱ ከ3 እስከ 7 ሚሊ ሜትር ሲሆን የሚያሞቀው ኒዮፕሪን በተባለው የልብሱ ጎማ ውስጥ ያሉት የጋዝ አረፋዎች ናቸው። በ10 ሜትር ጥልቀት ግፊቱ እጥፍ ስለሚሆን የአረፋዎቹ መጠን ወደ ግማሽ ይወርዳል፤ ሙቀቱም ተንሳፋፊነቱም አብሮ ይቀንሳል። አደጋው ያለው ወፍራም ዌትሱት ከሁለት የብረት ሲሊንደሮች ጋር ሲጣመር ነው። ጥልቀት ላይ ልብሱ ማንሳቱን ይተዋል፣ ሸክሙ ሁሉ ጠላቂው ለመንሳፈፍ በሚነፋው የአየር ከረጢት ላይ ይወድቃል፤ ከረጢቱ ቢቀደድ ጠላቂው ወለሉ ላይ ይቀራል። ቀለል ያለ ሲሊንደር፣ ሁለት ክፍል ያለው ከረጢት ወይም ድራይሱት መፍትሔ ይሆናሉ።

ድራይሱት ውሃ አያስገባም፤ ማሞቁ ግን የውስጥ ልብሱ ሥራ ነው። በካሬ ሜትር 200 ግራም የሆነው ለመካከለኛ ውሃ፣ 400 ግራሙ ለቀዝቃዛ ይመረጣል። ሲገዛ የውስጥ ልብሱ ተለብሶ መሞከር አለበት፦ ቁጢጥ ማለት፣ ክንድን ደረት ላይ ማጣመር፣ ከሁሉ በላይ ከራስ ጀርባ ያሉትን የሲሊንደር ቫልቮች መድረስ። ቫልቩን የማያስደርስ ልብስ የቱንም ያህል ቢያሞቅ የዋሻ ልብስ አይደለም።

ልብሱ ውስጥ የሚገባው ጋዝ ልብሱ በውሃው ግፊት ሰውነትን መቆንጠጡን የሚያስቆም ያህል ብቻ ይሁን፤ ለመንሳፈፍ ከረጢቱ አለ። ጋዝ የበዛበት ሰው ቁልቁለት ሲገጥመው ጋዙ ወደ እግሩ ይሮጣል፣ ማስወጫው ቫልቭ ግን ግራ ክንዱ ላይ ነው፤ እግሩ ጣሪያ ላይ ተለጥፎ ይቀራል። ደለል የገባበት የማስገቢያ ቁልፍ ተጣብቆ ጋዙን ያለማቋረጥ ሊለቅ ስለሚችልም ቱቦውን በአንድ እጅ፣ ጓንት እንዳጠለቁ መንቀልን መለማመድ ያስፈልጋል። ሂሊየም ያለበት ቅይጥ ለልብስ አይሞላም፣ ሙቀት በብዙ እጥፍ ያስተላልፋል። አርጎን ከአየር በሲሶ ያህል ያነሰ ስለሚያስተላልፍ አንዳንዶች በትንሽ ለብቻ ሲሊንደር ይይዙታል፤ ኦክስጅን የሌለው ስለሆነ በዚያ ሲሊንደር ላይ የመተንፈሻ ሬጉሌተር ፈጽሞ አይገጠምም።

ጓንት ላይ ፍርዱ ቀላል አይደለም። መሪ ገመድ በጨለማ የሚነበበው በጣት ስለሆነ ውሃው ከፈቀደ ባዶ እጅ ይመረጣል። በብርድ ውሃ የማያስገባ ደረቅ ጓንት ይደረጋል፤ እጁ እንዲሞቅም ከእጅ አንጓው ማሸጊያ ሥር ቀጭን ገመድ ገብቶ ከልብሱ ወደ ጓንቱ ጋዝ ያሳልፋል። በዚያው ቀዳዳ ግን ስለታም ድንጋይ ጓንቱን ቢቀድደው ውሃው ወደ ክንድ ይዘልቃል። መግቢያው ላይ ጓንቱን ወደ ውሃ ነክሮ ጨብጦ አረፋ መውጣት አለመውጣቱን ማየት አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ ማሸጊያውም ዚፑም ያን ጊዜ አብረው ይታያሉ።