«ቀለም አይዘልቀውም» የሚባለው ልጅ በእርግጥ ምን ጎድሎታል?

በማስተማር ባሳለፍኳቸው ዓመታት ከወላጆችም ሆነ ከሥራ ባልደረቦቼ አፍ «ቀለም አይዘልቀውም» የሚለውን ያህል የሚያሳዝነኝ፣ ሲደጋገምም የሚያስቆጣኝ አባባል የለም። አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው ስለ አንድ ዓይነት ልጅ ነው። ልጁ ፊደል ለይቷል፤ ምንባቡንም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳይደናቀፍ ያነባል፤ መጽሐፉ ተዘግቶ «ምን ይላል?» ሲባል ግን ዝም ይላል። ከዚህ ዝምታ ተነሥተው ስለ አእምሮው ይፈርዱበታል፤ አጠገቡ ተቀምጦ ቶሎ ቶሎ የሚመልሰውን ጓደኛውን ደግሞ «የቀለም ቀንድ» ይሉታል። በሁለቱ ልጆች መካከል ያለው ልዩነት በአብዛኛው በስሙ ሊጠራ፣ ሊፈተሽና በትምህርት ሊሞላ የሚችል ነገር ነው። ይህ ልዩነት እንደ ትውልድ ዕጣ ሲቆጠር ዝም ማለት ስለማልችል፣ ደጋግመው የሚገጥሙኝን ስሕተቶች በተራ እመለከታለሁ።

«አጥርቶ ካነበበ ገብቶታል።» ይህ ትክክል አይደለም። ፊሊፕ ጎፍና ዊልያም ተንመር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1986 ባቀረቡት ቀላል ቀመር፣ አንብቦ መረዳት የሁለት ነገሮች ብዜት ነው፤ አንዱ ጽሑፉን ወደ ቃል መለወጥ፣ ሌላው ቋንቋውን መረዳት። ብዜት መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል፤ ከሁለቱ አንዱ ዜሮ ከሆነ ውጤቱም ዜሮ ነውና። በአማርኛ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ነው። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ «ሰፊ» የሚለው ቃል ልብስ የሚሰፋውን ሰው ይሁን ጠባብ ያልሆነን ነገር እንደሚያመለክት የሚታወቀው ከዓረፍተ ነገሩ ሐሳብ እንጂ ከፊደሉ አይደለም። ስለዚህ አንድ ተማሪ «ሰፊው በሩን ዘግቶ ሄደ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር «ፊ»ን አጥብቆ ቢያነበው፣ መምህሩ አነባበቡን ብቻ አርሞ ማለፍ የለበትም፤ «የሄደው ማን ነው?» ብሎ መጠየቅ አለበት። ያ አነስተኛ የሚመስል የአነባበብ ስሕተት ልጁ ሐሳቡን እንዳልተከተለ የሚያሳይ ምልክት ነው።

«ፈጥኖ የሚያነብ ይበልጥ ይረዳል።» የቃላት ንባቡ እንዳያደክመው የሚበቃ ፍጥነት ያስፈልገዋል፤ ከዚያ በላይ በተጣደፈ ቁጥር ግን የሚረዳው ይቀንሳል።

«አንዳንዱ ተማሪ በዓይኑ፣ አንዳንዱ በጆሮው ነው የሚማረው።» ትምህርትን በዚህ ክፍፍል መሠረት መስጠት ውጤት እንደሚያሻሽል የሚያሳይ በቂ ማስረጃ እንደሌለ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ ሰፊ የጥናቶች ግምገማ አረጋግጧል።

«ያልገባህን ደጋግመህ አንብብ፤ አስምርበትም።» ይህ ምክር ከሽምደዳ ብዙም አይርቅም። እ.ኤ.አ. በ2006 በታተመ አንድ ሙከራ፣ አንድን ምንባብ ደጋግመው ያነበቡ ተማሪዎች ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ የተሻለ ውጤት አምጥተዋል፤ ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን የበለጧቸው አንድ ጊዜ አንብበው መጽሐፉን ዘግተው ያስታወሱትን የጻፉት ነበሩ። ደጋግሞ ማንበብ የሚያሳስተው፣ ጽሑፉ ለዓይን የተለመደ ሲሆን የገባን ስለሚመስለን ነው።

አሁን ከሁሉም በላይ ወደሚያሳስበኝ እመጣለሁ፤ «ካልገባው አእምሮው ስለማይቀበል ነው» ወደሚለው። ከብዙ ዓመት በፊት አስተምረው የነበረ አንድ ልጅ በመምህራን ዘንድ ተስፋ የተቆረጠበት ነበር። በፈተና ላይ የሚወጡትን የአንብቦ መረዳት ጥያቄዎች ከግማሽ በላይ መልሶ አያውቅም ነበር። አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት የጋዜጣ የስፖርት ገጽ ሲያነብ አገኘሁትና ስለ ጨዋታው እንዲነግረኝ ጠየቅሁት። የተጻፈውን ብቻ ሳይሆን ያልተጻፈውንም ነገረኝ፤ አሠልጣኙ አጥቂውን አስወጥቶ ተከላካይ ያስገባው ውጤቱን ለማስጠበቅ እንደሆነ፣ ጸሐፊውም በውሳኔው ደስተኛ እንዳልነበረ ከቃላት አመራረጡ ተረድቶ አስረዳኝ። ፍሬ ሐሳብ ለየ፤ ምክንያትና ውጤትን አገናኘ፤ የጸሐፊውን አቋም አወቀ። በፈተና የማይችለው የተባለው ሁሉ ይኸው ነበር፤ ያውም ያለ ማንም ረዳት።

ይህ የአንድ ልጅ አጋጣሚ ብቻ አይደለም። ዶና ሬክትና ሎረን ሌስሊ እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተሙት ጥናት 64 የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች ስለ ቤዝቦል ጨዋታ የተጻፈ ምንባብ አነበቡ። በንባብ ደካማ የተባሉ፣ ነገር ግን ቤዝቦልን የሚያውቁ ተማሪዎች፣ በንባብ ጎበዝ ከተባሉትና ጨዋታውን ከማያውቁት በልጠው ተገኙ። ማንኛውም ጸሐፊ አንባቢዬ ያውቀዋል ብሎ የሚዘለው ነገር አለ፤ ያንን ክፍተት የሚሞላው አንባቢው አስቀድሞ ይዞት የመጣው ዕውቀት ነው። ስለዚህ «አይገባውም» የምንለው ልጅ ብዙ ጊዜ ስለ ጉዳዩ ገና ምንም ያልሰማ ልጅ ነው። መፍትሔውም ከጉዳይ ወደ ጉዳይ የሚዘል ምንባብ በየቀኑ ማቅረብ ሳይሆን፣ በአንድ ርእሰ ጉዳይ ላይ ሁለትና ሦስት ሳምንት ቆይቶ ማስነበብ ነው። ስለ ውኃ ዑደት አራተኛውን ጽሑፍ የሚያነብ ተማሪ የመጀመሪያውን ሲያነብ ከነበረው ተማሪ ጋር አንድ አይደለም፤ ቃላቱም ሐሳቡም አስቀድመው ቤት ሠርተውለታልና።

ሁለተኛው ጉድለት ደግሞ የእኛ የመምህራን ነው፤ ጥያቄ መስጠትን ከማስተማር ጋር እናምታታዋለን። ዶሎረስ ደርኪን የተባሉ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1978/79 ባወጡት ጥናት በ4ኛ ክፍል ከ4 ሺህ ደቂቃ በላይ የፈጀ የንባብ ትምህርት ተመልክተው፣ አንብቦ መረዳት እንዴት እንደሚቻል በእርግጥ የተማሩበት ጊዜ 20 ደቂቃ ያህል ብቻ ሆኖ አግኝተውታል። የቀረው ጊዜ ያለፈው ማስነበብ፣ መጠየቅና ማረም ላይ ነበር። በእኔም ክፍል ረጅም ጊዜ የሆነው ይኸው ስለነበር ቁጥሩን ሳነብ አልተገረምኩም። ጥያቄው ራሱም ብዙ ጊዜ ምንም አይፈትንም። «ቦርጨላው ጠምፋሹን በድንጥርት ሸነበጠው» የሚለውን ትርጉም የለሽ ዓረፍተ ነገር ለየትኛውም ተማሪ ስጡት። «ጠምፋሹን ማን ሸነበጠው?» ቢባል «ቦርጨላው» ይላል፤ «በምን?» ቢባል «በድንጥርት» ይላል። ሙሉ ነጥብ አገኘ፤ አንድም ነገር ግን አልገባውም። የዚህ ዓይነት ጥያቄ የለመደ ልጅ ማንበብ ማለት ከጥያቄው ጋር የሚመሳሰል ቃል ከምንባቡ መፈለግ ነው ብሎ ቢያምን የሚወቀሰው እሱ አይደለም።

ማስተማር ግን ይቻላል። አንማሪ ፓሊንክሳርና አን ብራውን እ.ኤ.አ. በ1984 ያሳተሙት ሥራ፣ ቃላትን በሚገባ እያነበቡ ሐሳቡን የማይረዱ የ7ኛ ክፍል ተማሪዎች አራት ነገሮችን በተራ እየመሩ ሲለማመዱ መረዳታቸው በግልጽ እንደሚሻሻል አሳይቷል፤ እነሱም ያነበቡትን በአጭሩ መናገር፣ ስለ ፍሬ ሐሳቡ ጥያቄ ማውጣት፣ ግልጽ ያልሆነውን ለይቶ ማጥራት፣ ቀጥሎ የሚመጣውን መገመት ናቸው። መጀመሪያ መምህሩ ራሱ እያነበበ አእምሮው ውስጥ የሚሆነውን ጮክ ብሎ ይናገራል፤ «እዚህ ጋ ጠፋኝ፤ ወደ ላይ ልመለስ» ሲል ይሰሙታል። ጎበዝ አንባቢም እንደሚጠፋበት፣ ልዩነቱ መጥፋቱን ማወቁና መመለሱ እንደሆነ ያኔ ያያሉ። ይህን ያላየ ልጅ፣ ለሌሎች ሁሉ ነገሩ በአንድ ጊዜ እንደሚገለጥላቸው አድርጎ ያስባል።

በቋንቋችን ልጆች በተለይ የሚጠፉበትን ቦታ አውቀን እዚያው ላይ ብንቆም መልካም ነው። የአማርኛ ግሥ ባለቤቱንም ተሳቢውንም በውስጡ ይይዛል። «ዳዊት ወንድሙ የላከውን ደብዳቤ ለመምህሩ ሲሰጠው አመሰገነው» በሚለው ዓረፍተ ነገር የላከው ማን፣ የሰጠው ማን፣ ያመሰገነው ማን እንደሆነ ለይቶ የሚነግረኝ ተማሪ ገብቶታል፤ የማይነግረኝን ደግሞ በሦስቱ ግሦች ሥር ስም እየጻፈ እንዲለይ አደርገዋለሁ። «ይሁን እንጂ»፣ «በመሆኑም»፣ «ያም ሆኖ» የሚሉትን አያያዦችም እንዲሁ። ብዙ ልጆች እነዚህን እንደ ጌጥ ይዘሏቸዋል፤ ጸሐፊው ሐሳቡን የሚያዞረው ግን በእነሱ ላይ ነው።

ስለ አእምሮ ችሎታ ደግሞ ከታሪክ እንነሣ። ፈረንሳዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ አልፍሬድ ቢኔ ከባልደረባው ጋር እ.ኤ.አ. በ1905 የመጀመሪያውን የአእምሮ ችሎታ መለኪያ ያዘጋጀው ተጨማሪ እገዛ የሚያስፈልጋቸውን ልጆች ለመለየት ነበር። ይኸው ሰው እ.ኤ.አ. በ1909 የሰው የአእምሮ ችሎታ ሊጨምር የማይችል የተወሰነ መጠን ነው የሚሉትን ተቃውሞ ጽፏል። መለኪያውን የሠራው ሰው ያልተቀበለውን ፍርድ እኛ በአንድ ምንባብና በአምስት ጥያቄዎች ተነሥተን እንሰጣለን። ከ600 ሺህ በላይ ሰዎችን ያካተተና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ የጥናቶች ጥንቅር እንዳመለከተው፣ እያንዳንዱ ተጨማሪ የትምህርት ዓመት የአእምሮ ችሎታ ፈተና ውጤትን ከ1 እስከ 5 ነጥብ ያህል ከፍ ያደርጋል።

«እንግዲያው ‹ጎበዝ ነህ፣ ጭንቅላት አለህ› እያልን እናበረታታው።» ይህ ደግ ሐሳብ ነው፤ ነገር ግን ይጎዳል። ክላውዲያ ሙለርና ካሮል ድዌክ እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተሟቸው ሙከራዎች፣ ብልህ በመሆናቸው የተመሰገኑ የ5ኛ ክፍል ልጆች ከበድ ያለ ጥያቄ ገጥሟቸው ሲወድቁ ፍላጎታቸውና ጽናታቸው ቀነሰ፤ በኋላ የተሰጣቸውን ቀላል ጥያቄም ከበፊቱ አሳንሰው ሠሩ። ስለ ጥረታቸው የተመሰገኑት ግን እንዲህ አልሆኑም። «የቀለም ቀንድ» የተባለው ልጅም እንግዲህ ከአደጋው ውጭ አይደለም። አንድ ያልገባው አንቀጽ ሲገጥመው ስሙን ላለማጣት እጁን ማውጣት ያቆማል፤ እንዲህ የሆኑ ተማሪዎችን በየዓመቱ አያለሁ።

«ችሎታ ያድጋል ብሎ ማመን ብቻውን ይበቃል።» ይህ ደግሞ በቅርብ ጊዜ የመጣና በጎ ነገር ለብሶ የሚያጠፋ ስሕተት ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ በሆነ፣ 12 ሺህ ያህል የ9ኛ ክፍል ተማሪዎች በተሳተፉበት ጥናት፣ አእምሮ በልምምድ እንደሚጠነክር የሚያስተምር ከአንድ ሰዓት ያነሰ ትምህርት ዝቅተኛ ውጤት የነበራቸውን ተማሪዎች አማካይ ውጤት ከፍ ያደረገው ከ4 ነጥብ በ0.1 ገደማ ነው። ከአንድ ሰዓት በታች ለሆነ ሥራ ይህ የሚናቅ አይደለም፤ ተአምር ግን አይደለም። ችሎታ ያድጋል የሚለውን ሐሳብ ያስፋፉት ድዌክ ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ2015 መምህራን ሐሳቡን ባዶ ጥረትን ወደ ማመስገን እንዳወረዱት በቅሬታ ጽፈዋል። ያልገባውን ምንባብ በሽምደዳ ሦስት ጊዜ ያነበበን ልጅ «ጥረሃልና ጎበዝ» ብሎ መሸኘት እሱን ማታለል ነው። ጥረቱ እንዳልሠራ ነግሮ ሌላ መንገድ ማሳየት ያስፈልጋል። የእይታ፣ የመስማት ወይም ፊደልን ከድምፅ ጋር የማዛመድ የተለየ ችግር ያለበትን ልጅ «በርታ» ብቻ ማለት ደግሞ ከዚህ የከፋ ጥፋት ነው፤ እሱ በባለሙያ መመርመር አለበት።

ለወላጆች አንድ ነገር እለምናለሁ። ልጁ አጠገባችሁ አንብቦ ሲጨርስ «ገባህ?» አትበሉት። ልጅ ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ «አዎ» ነው፤ ስለገባው ብቻ ሳይሆን፣ አልገባኝም ማለት ስለ አእምሮው የሚመሰክርበት ስለሚመስለውም ነው። ይልቁንም «የትኛው ቦታ ላይ ጠፋብህ?» በሉት። በመጀመሪያው ቀን «የትም» ይላል። እናንተ ራሳችሁ ቆም ያላችሁበትን መስመር ስታሳዩት ግን፣ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን እሱም በጣቱ አንድ ዓረፍተ ነገር ያሳያችኋል፤ ከዚያች ዓረፍተ ነገር ላይ አብራችሁ ጀምሩ።