«ተመስጥሯል» ሲባል ከማን? ስለ ምስጢራዊ መልእክት የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

«ቴሌግራም ላይ የምጽፈውን ከተቀባዩ በቀር ማንም አያይም።»

ብዙ ሰው የሚያምነው ይህንን ነው፤ ስህተት ነው። የተለመደው የቴሌግራም ቻት ከስልክዎ እስከ ኩባንያው ኮምፒውተር (ሰርቨር) ድረስ ተመስጥሮ፣ ማለትም ያለ ቁልፍ እንዳይነበብ ተደርጎ፣ ይሄዳል፤ ሰርቨሩ ላይ ሲደርስ ግን መክፈቻው ቁልፍ ያለው ኩባንያው ዘንድ ነው። በአዲስ ስልክ ሲገቡ የዓመታት ወሬዎ ወዲያው ተዘርግቶ የሚጠብቅዎትም ለዚህ ነው። ከቻቶቹ መካከል ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚመሰጠረው፣ ማለትም ከላኪውና ከተቀባዩ ስልክ ውጪ የትም የማይከፈተው፣ «ሲክሬት ቻት» ብቻ ነው። እሱም በራሱ አይበራም፤ የሰውየውን ፕሮፋይል ከፍተው ራስዎ ማስጀመር አለብዎት። ለሁለት ሰው እንጂ ለግሩፕ አይሠራም። ቻናል ለመከታተል ቴሌግራምን እወደዋለሁ፤ ለምስጢር ግን አልመርጠውም። ሲግናል የተባለው የመልእክት አፕ ሁሉንም ወሬ፣ የግሩፑንም ጭምር፣ ሳይጠየቅ ይመሰጥራል። ዋትስአፕም የሲግናልን የምስጠራ ዘዴ (ፕሮቶኮል) ተጠቅሞ ከ2016 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ) ጀምሮ ይህንኑ ያደርጋል።

«እንግዲያው ዋትስአፕ ካለኝ ጨረስኩ።»

ባክአፑስ? ወሬዎ ወደ ጎግል ድራይቭ ወይም ወደ አይክላውድ የሚገለበጥ ከሆነ፣ ቅጂው ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚመሰጠረው እርስዎ ሲያበሩት ብቻ ነው። አማራጩ ከ2021 ጀምሮ አለ፤ በሴቲንግስ ውስጥ «ቻትስ»፣ ቀጥሎ «ቻት ባክአፕ» ሲሉ ያገኙታል። የሚያወጡትን ፓስዎርድ ከረሱት ግን ኩባንያውም ሊያስመልስልዎት አይችልም። ደግሞም የእርስዎን ባክአፕ ቢቆልፉ የወዳጅዎ ክፍት ከሆነ ያው ወሬ እዚያ ተቀምጧል። ስለዚህ ይጠይቁት።

«ይዘቱ ካልተነበበ ስለ እኔ ምንም አይታወቅም።»

ከማን ጋር፣ በስንት ሰዓት፣ ምን ያህል ጊዜ እንደተነጋገሩ ራሱ ብዙ ያወራል። ምስጠራ ይህን አይሸፍንም፤ ልዩነቱ ኩባንያው ምን መዝግቦ ያስቀምጣል የሚለው ላይ ነው። በ2016 ሲግናል በአሜሪካ ፍርድ ቤት በኩል የተጠቃሚ መረጃ እንዲያቀርብ ታዝዞ ነበር፤ ሊሰጥ የቻለው ግን ሁለት ቀኖችን ብቻ ነው፦ አካውንቱ የተከፈተበትንና ለመጨረሻ ጊዜ ከሰርቨሩ ጋር የተገናኘበትን።

«በራሱ የሚጠፋ መልእክት ጠፋ ማለት ነው።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ተቀባዩ ስክሪንሹት ያነሳል፤ ያ ቢከለከል በሌላ ስልክ ፎቶ ያነሳል። ይህ አማራጭ የሚጠቅመው የሚተማመኑ ሰዎችን ነው፦ ስልኩ ቢሰረቅ የድሮ ወሬ አይገኝበትም።

«ምስጠራውን ካልሰበሩ ማንበብ አይችሉም።»

መስበር ለምን ያስፈልጋቸዋል? በ2019 ፔጋሰስ የተባለው የስለላ ሶፍትዌር በዋትስአፕ ጥሪ በኩል ወደ 1,400 በሚጠጉ ሰዎች ስልክ ላይ ተነጣጥሮ ነበር፤ ጥሪውን ማንሳት እንኳ አያስፈልግም ነበር። ስልኩ ራሱ ከተያዘ መልእክቱ የሚነበበው ተፈትቶ ስክሪኑ ላይ ሲቀመጥ ነው። በማርች 2025 ደግሞ የአሜሪካ ከፍተኛ ባለሥልጣናት ስለ ጦር ጥቃት የሚመክሩበት የሲግናል ግሩፕ ውስጥ አንድ የመጽሔት ዋና አዘጋጅ በስህተት ገብቶ ሁሉንም ሲያነብ ሰነበተ። ምስጠራው እንከን አልነበረበትም።

ለአብዛኞቻችን ግን ስጋቱ ከዚህ ያነሰ ነው፦ ስልክዎን ለአንድ ደቂቃ የያዘ ሰው ኪውአር ኮድ ስካን አድርጎ ወሬዎን ከራሱ ኮምፒውተር ጋር ሊያያይዝ ይችላል። «ሊንክድ ዲቫይስስ» የሚለውን ገብተው ይዩ፤ የማያውቁት መሣሪያ ካለ ያስወጡት። በኤስኤምኤስ የሚመጣውን የምዝገባ ኮድ ለማንም አይንገሩ፤ ፒንም ያብሩ።

«ሴፍቲ ነምበር ተቀይሯል ካለ ተጠልፌያለሁ።»

ሴፍቲ ነምበር ሲግናል ላይ የሚያወሩት ከትክክለኛው ሰው ጋር መሆኑን የሚያመሳክሩበት ቁጥር ነው። ሲቀየር አብዛኛውን ጊዜ ወዳጅዎ ስልክ ቀይሮ ወይም አፑን እንደገና ጭኖ ነው። ቢሆንም ዝም ብለው አይለፉት፤ ደውለው ድምፁን ይስሙና 60ውን አሃዝ አብራችሁ አመሳክሩ።

«ሲግናል ስልክ ቁጥሬን ለሁሉም ያሳያል።»

ለመመዝገብ ቁጥር ይጠይቃል፤ ይህ አልቀረም። ከ2024 ወዲህ ግን የተጠቃሚ ስም አውጥተው ያንን ብቻ መስጠት ይችላሉ። «ፕራይቬሲ» ውስጥ «ፎን ነምበር» የሚለውን ከፍተው፣ ቁጥርዎን ማን እንደሚያይና በቁጥርዎ ማን ሊያገኝዎት እንደሚችል ለየብቻ ይወስናሉ።