የሕክምና አማራጮች ወጪና ውጤት ሲወዳደር ርግጠኛ ያልሆነውን ማሳየት፦ በድሬዳዋ ወባ ምሳሌነት

ሁለት የሕክምና ወይም የመከላከያ አማራጮች ሲወዳደሩ መልሱ ብዙ ጊዜ በአንድ ቁጥር ይቀርባል፦ በሕመምና በሞት የሚባክን አንድ የጤና ዓመት (ዳሊ) ለማዳን ይህን ያህል ብር። ቁጥሩ አይሰር ይባላል፤ የሚገኘውም የወጪው ልዩነት ለውጤቱ ልዩነት ሲካፈል ነው። ነገሩ ቀላል አይደለም። ኢትዮጵያ በ2019 እ.ኤ.አ. ባሻሻለችው የመሠረታዊ ጤና አገልግሎቶች ፓኬጅ 1,018 አገልግሎቶች ሲደረደሩ ከመመዘኛዎቹ አንዱ ይኸው ንጽጽር ነበር። አንዱ ቁጥር ግን ምን ያህል እንደሚያስተማምን ካልተነገረ የሚያሳየው ግማሹን ብቻ ነው።

ድሬዳዋ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ናት። አኖፌሊስ ስቴፌንሲ የተባለችው የወባ ትንኝ በኢትዮጵያ መጀመሪያ የታወቀችው በ2016 እ.ኤ.አ. በቀብሪ ደሃር ሲሆን፣ በ2014 ዓ.ም. ድሬዳዋ ውስጥ በበጋው ወራት ከተነሣው የወባ ወረርሽኝ ጋር ተያይዛለች። የለመድናት ትንኝ ክረምት ባቆረው ኩሬ ስትራባ፣ ይህችኛዋ ሮቶ፣ በርሜልና የግንባታ ውሃ ማጠራቀሚያ ይበቃታል። ስለዚህ ከገጠር ወባ የተቀዳ የአጎበር ወይም የቤት ርጭት ውጤት ለከተማዋ በቀጥታ አይሠራም፤ ስሌቱ ላይ ያለው ጥርጣሬ ገና ከዚህ ይጀምራል።

በየሮቶውና በየበርሜሉ እጭ ማጥፊያ መጨመር አሁን ካለው አሠራር በላይ 600,000 ብር አስወጥቶ 40 ዳሊ ያድናል እንበል (ቁጥሮቹ ለማሳያ የተያዙ እንጂ የከተማዋ መረጃ አይደሉም)። አይሰሩ 15,000 ብር ነው። የውጤቱ ግምት ግን ከ5 ዳሊ ኪሳራ እስከ 90 ዳሊ ትርፍ የሚዘረጋ ከሆነ፣ አካፋዩ ዜሮን ያቋርጣልና ለአይሰር ዝቅተኛና ከፍተኛ ወሰን መጻፍ ትርጉም ያጣል። ሌላም ወጥመድ አለ። ወጪን በ100,000 ብር ቀንሶ 10 ዳሊ የሚያድን አማራጭ አይሰሩ −10,000 ነው። ወጪን በ100,000 ብር ጨምሮ 10 ዳሊ የሚያባክነውም −10,000 ነው። አንዱ እጅ የሚሳምበት፣ ሌላው የሚጣል፤ ቁጥራቸው ግን አንድ። ነጌቲቭ አይሰር በሠንጠረዥ ውስጥ መግባት የለበትም የሚባለው ለዚህ ነው።

መውጫው የተጣራ ጥቅም ነው፦ የዳነው ዳሊ ለአንድ ዳሊ ለመክፈል በተፈቀደው ጣሪያ ይባዛና ተጨማሪው ወጪ ይቀነስለታል። ጣሪያው 30,000 ብር ከሆነ 40 ጊዜ 30,000 ሲቀነስ 600,000፣ ማለትም 600,000 ብር ይተርፋል። ይህ መጠን አይካፈልም፣ አይፈነዳም፤ አማካዩና ወሰኑ እንደ ማንኛውም ቁጥር ይሰላል። ጣሪያው ራሱ አከራካሪ ስለሆነ (ከነፍስ ወከፍ የአገር ውስጥ ምርት ከአንድ እስከ ሦስት እጥፍ የሚለው የድሮ ልማድ ብቻውን ውሳኔ ሊያሳርፍ እንደማይገባ ተደጋግሞ ተነግሯል) ውጤቱን በብዙ ጣሪያዎች ማሳየት ይሻላል።

ጥርጣሬውን ወደ ስሌት ማስገባት የሚጀምረው ለእያንዳንዱ ግብዓት ተስማሚ ስርጭት (ሊሆኑ የሚችሉት ቁጥሮች ከነዕድላቸው) በመስጠት ነው። ከ50 ቤቶች በ12ቱ እጭ ከተገኘ፣ ድርሻው 0.24 ተብሎ አይደረቅም፤ ቤታ የተባለው የድርሻ ስርጭት በ12 (እጭ በተገኘባቸው) እና በ38 (ባልተገኘባቸው) ይሰጠዋል፣ ይህም ከ0.13 እስከ 0.37 ገደማ ይዘረጋል። ለወጪ ጋማ የተባለው ስርጭት ይመረጣል፤ ከዜሮ በታች አይወርድም፣ ወደ ላይም ረጅም ጅራት አለው፤ በድል ጮራ ሪፈራል ሆስፒታል ተኝቶ የሚታከም አንድ ጽኑ ሕመምተኛ የብዙ ተመላላሽ ታካሚዎችን ወጪ ሊያክል ይችላልና። ለሁሉም ግብዓት ሲደመርና ሲቀነስ 20 በመቶ መስጠት የስንፍና ዘዴ ነው፤ በደንብ የሚታወቀውንና ጨርሶ የማይታወቀውን እኩል ያደርጋል። ከዚያ ኮምፒውተሩ ከየስርጭቱ እየቀዳ 1,000 ወይም 5,000 ጊዜ ያሰላል፤ እያንዳንዱ ስሌት በወጪና ውጤት ሰሌዳ ላይ አንድ ነጥብ ይሆናል። የነጥቦቹ ደመና ከሰሌዳው አራት ሩቦች (ወጪ ሲጨምር ወይም ሲቀንስ፣ ውጤት ሲጨምር ወይም ሲቀንስ) በአንዱ ካልተሰበሰበ አንባቢው በዓይኑ ያያል።

ከደመናው የተቀባይነት ኩርባ ይወጣል፦ በየጣሪያው ከ1,000 ነጥቦች ስንቱ ትርፍ አሳየ? በ30,000 ብር 780ዎቹ ካሳዩ ኩርባው 0.78 ላይ ነው። ይህ «ሕክምናው 78 በመቶ ይሠራል» ማለት አይደለም፤ ስብሰባ ላይ ግን በብዛት የሚነበበው እንደዚያ ነው። ኩርባው የግድ 1 አይደርስም፤ 120 ነጥቦች ወጪ እየጨመሩ ውጤት የሚቀንሱ ከሆነ ጣሪያው የቱንም ያህል ቢሰቀል ከ0.88 አያልፍም። ሦስት አማራጭ ካለ ሦስቱም በአንድ ላይ ይወዳደራሉ፣ ዕድላቸውም ተደምሮ 1 ይሆናል። ከፍተኛ ዕድል ያለው ሁልጊዜ ከፍተኛ አማካይ ጥቅም የለውም፤ ሲለያዩ የሚመረጠው በአማካዩ ነው።

ብዙ ስሌት የሚበላሸው ግን በሒሳቡ ሳይሆን በዋጋ ዓመት ነው። የጤና ጣቢያ መዝገብ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው፤ የጥናቶች ሠንጠረዥ በአብዛኛው በአውሮፓ። በዚሁ ጽሑፍ «2016 እ.ኤ.አ.» ትንኟ የታወቀችበት ነው፤ 2016 ዓ.ም. ደግሞ ሐምሌ ላይ ብር ገበያ መር ሆኖ የዶላር ምንዛሪ የናረበት። «የ2016 ዋጋ» ብቻ ብሎ መተው ከውጭ የሚገባ ኬሚካልን ዋጋ ፈጽሞ ያዛባል። በስዕሉ ግርጌ አቆጣጠሩ፣ ዓመቱና የተወሰደው ምንዛሪ ይጻፋል።

ተጨማሪ የቤት ለቤት ቆጠራ ያዋጣ እንደሆነም ከዚያው ደመና ይሰላል፦ በየስሌቱ ትልቁ የተጣራ ጥቅም ተወስዶ አማካዩ ይያዝና ከዚህ ላይ ከየአማራጮቹ አማካይ ጥቅም ትልቁ ይቀነሳል። ልዩነቱ (ጥርጣሬው ሁሉ ቢወገድ የሚገኘው ትርፍ) 90,000 ብር፣ ቆጠራው 200,000 ብር ከሆነ ቆጠራው ይቅር። ይህ የሚይዘው ግን ስርጭት የተሰጠውን ጥርጣሬ ብቻ ነው። ቧንቧ በየቀኑ ውሃ ሰጥቶ በርሜሎቹ ባዶ ቢቀሩ የሚለው በዚያ ደመና ውስጥ የለም፤ ለብቻው ተሰልቶ በራሱ ኩርባ ይቀርባል።