«ሮም በእግር አትታይም» እና ሌሎች የተሳሳቱ አመለካከቶች

«ሮም ሰፊ ናት፤ የቱሪስት አውቶቡስ ካልያዝክ ምንም ሳታይ ትመለሳለህ።»

ሮም ለአንድ ቀን የሚያርፍ ሰው ከዘመድ ከወዳጅ መጀመሪያ የሚሰማው ምክር ይህ ነው። ሰዓትም ገንዘብም በከንቱ የሚያስጨርሰው ይኸው ምክር ነው። ከተማዋ ሰፊ መሆኗ እውነት ነው። ሰው ሊያየው የሚመጣው የድሮው መሀል ግን ትንሽ ነው፤ ከተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ተነስቶ በትሬቪ ፏፏቴ፣ በፓንቴዮንና በናቮና አደባባይ አልፎ እስከ ኮሎሲየም አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ቆም እያለ ለሚያይ ሰው ግማሽ ቀን ይበቃዋል። ትልቁ አውቶቡስ ትሬቪና ፓንቴዮን ያሉበት ጠባብ መንገድ ውስጥ አይገባም፤ ራቅ አድርጎ ያወርዳችኋል፣ ከዚያ በእግር መሄዳችሁ አይቀርም። ሜትሮውም ፓንቴዮንና ናቮና አጠገብ ጣቢያ የለውም፤ እዚያ መሬት በተቆፈረ ቁጥር ጥንታዊ ፍርስራሽ ይወጣል።

መንገዱ ይኸውላችሁ። ከተርሚኒ ወደ ሪፑብሊካ አደባባይ ሂዱ፤ ከዚያ በቪያ («ቪያ» መንገድ ማለት ነው) ቪቶሪዮ ኢማኑኤሌ ኦርላንዶ ቀጥ ብላችሁ ቪያ ቬንቲ ሴቴምብሬ ላይ ወደ ግራ ታጠፉ። በአራቱ ማዕዘን አራት ምንጮች ያሉበትን መስቀለኛ ስታልፉ ያው መንገድ ቪያ ዴል ኩዊሪናሌ ተብሎ ፕሬዚዳንቱ ቤተ መንግሥት ፊት ያደርሳችኋል። ከአደባባዩ በቪያ ዴላ ዳታሪያ ቁልቁል ወርዳችሁ በቪያ ሳን ቪንቼንዞ ወደ ቀኝ ስትታጠፉ ትሬቪ ናችሁ። ከተርሚኒ ጀምሩ የምለው በዚህ በኩል ኮረብታው ቁልቁለት ስለሚሆንላችሁ ነው። ከኮሎሲየም የጀመረ ሰው ይህን ዳገት የሚያገኘው እግሩ ከዛለ በኋላ ነው። በዚያ ላይ ትሬቪ ማለዳ ካልተደረሰ በሰው ይታጠራል፤ ኮሎሲየም ደግሞ ከፒያሳ ቬኔዚያ በኩል ለሚመጣ ሰው ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሲያርፍበት ነው የሚያምረው።

ብዙ ሰው መንገድ የሚስተው ከትሬቪ ወደ ፓንቴዮን ሲሄድ ነው። ጥፋቱ የስልኩ ነው፤ ሕንጻዎቹ ረጃጅም፣ መንገዶቹ ጠባብ ስለሆኑ ካርታው ላይ ያለው ነጥብ ወደ ጎረቤት መንገድ ይዘላል። ስልኩን ኪሳችሁ ክተቱና በየማዕዘኑ ግድግዳ ላይ ያለውን የእብነ በረድ ጽሑፍ አንብቡ። ቪያ ዴሌ ሙራቴን ይዛችሁ ቪያ ዴል ኮርሶን ተሻገሩ፤ በቪያ ዲ ፒዬትራ ግቡ። 11 ጥንታዊ ዓምዶች የቆሙበት አደባባይ ላይ ስትደርሱ ልክ ናችሁ። ቪያ ዴይ ፓስቲኒ ቀሪውን ይወስዳችኋል፤ ሁሉም ቢበዛ አሥራ አምስት ደቂቃ ነው። ከፓንቴዮን ወደ ናቮና በቪያ ጁስቲኒያኒ ነው። ጫፉ ላይ ሳን ሉዊጂ ዴይ ፍራንቼዚ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ሦስት የካራቫጆ ሥዕሎች በነጻ ይታያሉ። ቀትር ላይ ስለሚዘጋ በጠዋት ድረሱ። ከናቮና በደቡብ ጫፍ ወጥታችሁ በኮርሶ ቪቶሪዮ ኢማኑኤሌ ወደ ግራ፣ ከዚያ ፒያሳ ቬኔዚያ፣ ከዚያም በፎሪ ኢምፔሪያሊ ቀጥ ብላችሁ ኮሎሲየም።

ጫማ ላይ አትቀልዱ። መንገዱ የተነጠፈው በትናንሽ ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ተረከዝ ክፍተቱ ውስጥ ይሰነቀራል፣ ዝናብ ሲነካው ያንሸራትታል። ወፍራም የጎማ ሶል ያለው ጫማ አድርጉ።

«ተርሚኒ አጠገብ የቆመው የእኛ የአክሱም ሐውልት ነው።»

አይደለም፤ ይህን ከአገራችን ሰው አፍ መስማት ያሳዝናል። ከተርሚኒ ወደ ሪፑብሊካ ስትሄዱ የምታዩት የግብፅ ሐውልት ነው፣ የዳግማዊ ራምሴስ። ጣሊያኖች በ1887 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ ለደመሰሷቸው ወታደሮቻቸው መታሰቢያ አደረጉት፤ የጣቢያው አደባባይ «የአምስት መቶዎቹ» የተባለውም በእነዚሁ ወታደሮች ነው። ፋሺስቶች ከአዲስ አበባ የዘረፉትን የይሁዳ አንበሳ ያስቀመጡት እዚሁ ሐውልት ሥር ነበር። አንበሳው ተመልሶ ዛሬ ለገሃር ቆሟል። ዘርዓይ ደረስ በ1938 ሰይፍ የመዘዘው በዚሁ አንበሳ ፊት ነው፤ እዚያው ተገደለ የሚባለው ግን ስህተት ነው። ሲሲሊ ውስጥ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ታስሮ በ1945 ነው ያረፈው። የአክሱም ሐውልት የነበረው ሌላ ቦታ ነው፤ ቺርኮ ማሲሞ አጠገብ፣ ፖርታ ካፔና አደባባይ፣ የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ፊት ለፊት። በ1937 ተወሰደ፣ በ2005 ተመለሰ፣ በ2008 አክሱም ላይ ዳግም ቆመ።

«ውኃ ካልገዛችሁ በጥማት ታልቃላችሁ።» በከተማዋ 2,500 ያህል የመንገድ ቧንቧዎች አሉ፤ ውኃቸው ንጹሕና ነጻ ነው። የቧንቧውን አፍ በጣት ስትደፍኑት ከላይ ባለችው ቀዳዳ ወደ አፍ ይፈናጠራል።

«ፓንቴዮን ነጻ ነው።» ከ2023 ጀምሮ ይከፈላል። በወሩ የመጀመሪያ እሑድ ነጻ ነው፤ ያን ቀን ሰልፉ ረጅም ነው።

«ዩሊየስ ቄሳር የተገደለው ፎረም (የጥንቷ ሮም አደባባይ) ውስጥ ነው።» አይደለም፤ ወደ ፒያሳ ቬኔዚያ ስትሄዱ የምታልፉት ላርጎ አርጀንቲና አደባባይ ዘንድ ነው።

«የኮሎሲየም ቲኬት በር ላይ ይገኛል።» በዚህ ተስፋ መጥቶ የሚመለስ ብዙ ነው። ቲኬቱ በስም ስለሆነ ቀደም ብላችሁ በኢንተርኔት ግዙ፤ ፓስፖርት ወይም መታወቂያ ያዙ። ውጪውን ብቻ የሚያይ ምንም አይከፍልም። ከሜትሮ ጣቢያው በላይ ካለው ከፍታ ላይ ሆናችሁ እዩት።

«ማኪያቶ እዚያ ውድ ነው።» ውዱ ወንበሩ ነው። ባንኮኒው ጋ ቆሞ የሚጠጣና ተቀምጦ የሚስተናገድ አንድ ዋጋ አይከፍሉም፤ ታዋቂ አደባባይ ላይ ልዩነቱ እጥፍ ያልፋል። የዋጋ ዝርዝሩ ግድግዳ ላይ ስላለ አንብቡ። ብዙ ቦታ መጀመሪያ ገንዘብ ተቀባዩ ጋ ከፍላችሁ ደረሰኙን ለባሬስታው ትሰጣላችሁ።

ለመመለስ ከኮሎሲየም ሰማያዊውን ሜትሮ፣ መስመር ቢ፣ ያዙ። ካቩር ቀጥሎ ተርሚኒ ነው፣ ሁለተኛው ፌርማታ። የባንክ ካርድ በሩ ላይ ማስነካት ይበቃል፤ አውቶቡስ ላይ ግን የወረቀት ቲኬት ይዞ መግባት ብቻ አይበቃም፣ ማሽኑ ላይ ካላስመታችሁት እንደሌላችሁ ተቆጥሮ ትቀጣላችሁ።