2 ሰዓት ከ45 ደቂቃ 2.45 ሰዓት አይደለም፦ ስለ ሥራ ሰዓት ስሌት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከሜክሲኮ አደባባይ እስከ ስታዲየም ባሉ ሕንፃዎች ውስጥ ቢሮ ያላቸውን ድርጅቶች የፔሮል (የደመወዝ መክፈያ) ሰነድ መመርመር የዘወትር ሥራዬ ሲሆን፣ ወር በመጣ ቁጥር የሚገጥሙኝ ስህተቶች ያው ተመሳሳይ ናቸው። አብዛኞቹ የሚጎዱት ሠራተኛውን በመሆኑ በዝምታ ላልፋቸው አልችልም።

«2 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ማለት 2.45 ሰዓት ነው።» አይደለም፤ 2.75 ሰዓት ነው። ይህን ስህተት በሒሳብ አያያዝ የተመረቁ ሰዎች ጭምር ቅንጣት ሳይጠራጠሩ ይሠሩታል። አንድ ሰዓት 60 ደቂቃ ሆኖ ሳለ ከነጥብ በኋላ የሚጻፈው አኃዝ ከመቶ የሚታሰብ ስለሆነ፣ ደቂቃውን ለ60 ሳያካፍሉ መጻፍ አይቻልም፦ 15 ደቂቃ 0.25፣ 30 ደቂቃ 0.5፣ 45 ደቂቃ 0.75 ይሆናል።

በቅርቡ የአንድ ዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ የሰዓት መቆጣጠሪያ ቅጽ እጄ ገብቶ ነበር። የወር ደመወዙ 10,400 ብር ሲሆን፣ ከመደበኛው ሰዓት በላይ ሰኞ 2፡45፣ ረቡዕ 1፡30፣ ዓርብ ደግሞ 3፡50 ሠርቷል። ፔሮል የሚሠራው ባልደረባ ቁጥሮቹን በነጥብ አስገብቶ 7.25 አገኘ፤ ትክክለኛው ድምር ግን 8 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ነው። የሠራተኛው መደበኛ የሰዓት ክፍያ 50 ብር፣ የትርፍ ሰዓቱ ደግሞ 75 ብር በመሆኑ፣ ሊከፈለው ይገባ የነበረው 606.25 ብር ወደ 543.75 ብር ወረደ። በአንድ ሳምንት ብቻ 62.50 ብር ጎደለበት ማለት ነው። ባልደረባውን ስጠይቀው «አንድ ወር ቢጎድል በሌላው ይካካሳል» አለኝ። ከቶ አይካካስም! ከነጥብ በኋላ ሳይለወጥ የተጻፈ ደቂቃ ምንጊዜም ከእውነተኛው ስለሚያንስ፣ ለሚከፈል ሰዓት ስህተቱ ሁልጊዜ በሠራተኛው ላይ ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው፦ ሁሉንም ወደ ደቂቃ መለወጥ (165፣ 90 እና 230)፣ ከዚያ መደመር (485)፣ በመጨረሻም አንድ ጊዜ ብቻ ለ60 ማካፈል። በኤክሴል የሚሠራ ሰው ደግሞ ድምሩ 24 ሰዓት ሲያልፍ ከዜሮ ጀምሮ እንደሚታይ ይወቅ፤ 50 ሰዓት ከ30 የሠራ ሰው 2፡30 ሆኖ ይወጣል። ከሰዓት አጻጻፍ ምርጫዎቹ መካከል 37፡30፡55 የሚለውን ናሙና ከመረጡ ድምሩ በሙሉ ይታያል።

«የሰዓት ክፍያ ለማግኘት ደመወዝ ለ240 ይካፈላል።» 240 የሚገኘው 30 ቀን በ8 ሲባዛ ነው፤ ይህ ደግሞ የሳምንት ዕረፍቱን እንደ ሥራ ቀን መቁጠር ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 አይበልጥም። 48 በ52 ሳምንት ተባዝቶ ለ12 ወር ሲካፈል 208 ይሆናል፤ የወር ደመወዝ የሚካፈለውም ለዚህ ነው። የግምጃ ቤቱ ሠራተኛ ለ240 ቢካፈልበት የሰዓት ክፍያው ከ50 ብር ወደ 43.33 ይወርድ ነበር።

«ትርፍ ሰዓት ሁሉ በ1.5 ይባዛል።» የአዋጁ አንቀጽ 68 ከንጋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት 1.5፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት 1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን 2፣ በሕዝብ በዓል ቀን 2.5 እያለ ይለያያል። ስለዚህ ከምሽቱ 2፡00 እስከ 5፡30 ትርፍ ሰዓት የሠራ የሆቴል ምግብ አብሳይ ሁለቱ ሰዓት በ1.5፣ ቀሪው አንድ ሰዓት ተኩል በ1.75 ይታሰብለታል። የጣት አሻራ መሣሪያው ብዙ ጊዜ ይህንኑ ምሽት 4 ሰዓት 22፡00 ብሎ ስለሚመዘግብ፣ ስሌት ከመጀመሩ በፊት ቅጹና መሣሪያው በአንድ ዓይነት የሰዓት አቆጣጠር ይሁኑ።

«ሥራ ሳይኖር የተጠበቀበት ጊዜ አይቆጠርም።» ይቆጠራል። ለገሃር ቆሞ አለቃውን የሚጠብቅ ሹፌር ለሥራ ዝግጁ ሆኖ የተገኘ ነውና በሥራ ላይ ነው።

«ትርፍ ሰዓት ግብር የለበትም።» አለበት፤ ከመቀጠር የሚገኝ ገቢ ስለሆነ ከደመወዙ ጋር ተደምሮ ግብር ይታሰብበታል። የጡረታ መዋጮ ግን የሚሰላው በመሠረታዊ ደመወዝ ላይ ብቻ በመሆኑ፣ ከትርፍ ሰዓት ክፍያ ላይ 7 በመቶ መቁረጥ ስህተት ነው።