«ቆርቆሮ ሃያ ዓመት ይኖራል» እና ስለ ጣሪያ የሚነገሩ ሌሎች የተሳሳቱ አመለካከቶች

አዳማ ውስጥ ጣሪያ ሲያፈስ መጀመሪያ የሚከሰሰው ቆርቆሮው ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ቀድሞ የሚደክመው ሚስማሩ ወይም ሚስማሩን የያዘው እንጨት ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ደህናውን ቆርቆሮ አውርዶ ሸጦ፣ አዲሱን በበሰበሰ ማገር ላይ ያስመታል።

«ቆርቆሮ ሃያ ዓመት ይኖራል፤ ከዚያ ይቀየራል»

የቆርቆሮን ዕድሜ የሚወስነው በላዩ ያለው የዚንክ ልባስ ውፍረት ነው። ደረቅና ንጹህ አየር ባለበት ቦታ ዚንክ በዓመት ከ0.7 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው) በታች ይበላል፤ እርጥበትና ጭስ በበዛበት እስከ 2 ማይክሮን ይደርሳል። በካሬ ሜትር 100 ግራም ዚንክ የተለበሰ ቆርቆሮ በእያንዳንዱ ገጹ 7 ማይክሮን ገደማ አለው፤ 275 ግራም የተለበሰው 20 ማይክሮን ያህል። ሁለቱ ሱቅ ውስጥ ጎን ለጎን ቢቆሙ በዓይን አይለዩም፤ ዕድሜያቸው ግን ወደ ሦስት እጥፍ ይለያያል። ስለዚህ ሻጩን ከዋጋው በፊት የዚንኩን ግራም ይጠይቁ።

«ጌጁ ከፍ ያለው ወፍራም ነው»

ተቃራኒው ነው፤ ጌጅ የሚባለው የውፍረት ቁጥር ሲጨምር ቆርቆሮው ይሳሳል። 28 ጌጅ 0.4 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን 32 ጌጅ ወደ 0.25 ይወርዳል። የውፍረት መለኪያ (ካሊፐር) ይዞ መሄድ አያሳፍርም።

«ድንጋይና ጎማ ከተጫነበት ነፋስ አያነሳውም»

የአዳማ ነፋስ የዋዛ አይደለም፤ 51 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው አዳማ አንድ እና 153 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው አዳማ ሁለት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች እዚህ የተተከሉት በከንቱ አይደለም። በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 20 ኪሎ ገደማ ኃይል አለው። ባለ 32 ጌጅ ቆርቆሮ ደግሞ በካሬ ሜትር የሚመዝነው 2 ኪሎ ያህል ነው። ነፋሱ ጣሪያውን ከላይ መጫን ብቻ ሳይሆን ወደ ላይ ይመጠዋል፤ ይህም በጠርዙ፣ በማዕዘኑና በአናቱ ላይ ይበረታል። በር ወይም መስኮት ክፍት ከሆነ ከውስጥም ይገፋዋል።

እዚህና እዚያ የተቀመጠ ድንጋይ ይህን አይመክትም። ይልቁንም ዚንኩን ይፍቃል፤ ከሥሩ አቧራ ይከማቻል፤ አቧራው በክረምት ርሶ ሳይደርቅ ይሰነብታል፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ ድንጋዩ በነበረበት ቦታ ልክ ክብ ዝገት ይገኛል።

ጣሪያን የሚይዘው ሚስማርና ማሰሪያ ነው። በዳርና ዳሩ፣ በአናቱና በታችኛው ጠርዝ ላይ በየሁለተኛው ጉብታ፣ በመሃል በየሦስተኛው ይመታል። ሚስማሩ ምንጊዜም በጉብታው ላይ እንጂ ውሃ በሚወርድበት ቦይ ውስጥ አይመታም። የጎን መደራረቡ ቢያንስ አንድ ተኩል ጉብታ ይሁን፤ የላይኛው ቆርቆሮ ጠርዝም ነፋስ ከሚበዛበት አቅጣጫ ፊቱን ያዙር። የነፋሱን አቅጣጫ ግቢው ውስጥ ያሉት ዛፎች ያዘነበሉበት ወገን ይናገራል።

ብዙ አናጺ የሚዘነጋው ሌላው ነገር ወራጁን ከግድግዳው ጋር ማሰር ነው። በብሎኬት ቤት ከላይኛው ቢም ውስጥ ባለ 6 ወይም 8 ሚሊ ሜትር ፌሮ ይወጣና በእንጨቱ ላይ ይታጠፋል። በጭቃ ቤት ወፍራም ሽቦ ወራጁንና ቋሚውን አንድ ላይ ጠምዞ ይይዛል። ይህ ከሌለ ቆርቆሮው በጥብቅ የተመታ ቤት ጣሪያው ከነእንጨቱ ይነሳል።

«ያፈሰሰ ቦታ ላይ ሬንጅ መቀባት ነው»

ሦስት ሜትር ርዝመት ያለው ቆርቆሮ ቀትር ላይ 60 ዲግሪ ሞቆ ሌሊት 15 ላይ ሲወርድ ርዝመቱ 1.6 ሚሊ ሜትር ያህል ይለዋወጣል። በየቀኑ። ሚስማሩ ቀስ በቀስ ይላላል፤ ከሚስማሩ ራስ ሥር ያለው ጎማ ፀሐይ ላይ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ ቀዳዳውም ይሰፋል። ሬንጅ ይህን እንቅስቃሴ ተከትሎ አይሳሳብም፤ ይሰነጠቅና ውሃውን ከሥሩ ይይዛል። የላላውን ሚስማር ነቅሎ አዲስ ባለ ጎማ ሚስማር ወይም ብሎን አጠገቡ መምታት፣ አሮጌውን ቀዳዳ በሲሊኮን መድፈን ይሻላል። ሲሊኮኑ ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸት ከሆነ ግን ዚንኩን ይበላል፤ ሽታ የሌለውን ይምረጡ። ብሎን ሲጠብቅም ጎማው ተጨፍልቆ ወደ ጎን እስኪወጣ ድረስ አይሁን።

ደግሞ ኮርኒሱን ያረጠበው ሁሉ የቀዳዳ ውሃ አይደለም። ዝናብ ሳይዘንብ ጠዋት ጠዋት ቆርቆሮው ከውስጥ በእኩል የሚያልበው በሌሊት ቅዝቃዜ ነው፤ መፍትሔው አየር ማስገቢያ መክፈት ነው።

«ባለ ቀለም ኢጋ አይዝግም»

ኢጋ የሚባለው ባለ ቀለም የጣሪያ ቆርቆሮም በግራይንደር ከተቆረጠ በፍጥነት ይዝጋል። ብልጭታው ቀለሙን ያቃጥላል፤ የብረት ብናኙም የወደቀበት ሁሉ ቡናማ ነጠብጣብ ያወጣል። በቆርቆሮ መቀስ ይቆረጥ። ለዲሽ ማቆሚያ በየጊዜው የሚበሳው ቀዳዳም ያው ነው።

«የዘገ ቆርቆሮ ቀለም ቢቀባ ይታደሳል»

ዝገቱ ላዩን ብቻ ከሆነ፣ አዎ፦ በሽቦ ብሩሽ መፋቅ፣ ማጠብ፣ ማድረቅ፣ የዝገት መከላከያ (አንቲረስት) መቀባት፣ ከዚያ ቀለም። በስቶ ከሆነ ቀለሙ ቀዳዳውን ይሸፍናል እንጂ አይሞላም። አዲስ ቆርቆሮ ላይ ደግሞ የዘይት ቀለም በቀጥታ መቀባት ገንዘብ ማባከን ነው፤ ከዚንኩ ጋር ተጣልቶ ይላጣል።

«ቆርቆሮውን ብቻ መቀየር ይበቃል»

ይህ ከሁሉም የከፋው ነው። ምስጥ ግድግዳውን ተከትሎ ወጥቶ ማገሩን ከውስጥ በልቶ ልጡን ይተወዋል፤ ከታች ሲያዩት ጤነኛ ይመስላል። ቆርቆሮ ከማዘዝዎ በፊት ኮርኒሱን በሁለት ሦስት ቦታ ከፍተው እንጨቱን በጠመንጃ መፍቻ ይውጉ፤ ሳይታገል ከአንድ ሴንቲ ሜትር በላይ ከገባ ያ እንጨት ሚስማር አይዝም። በመዶሻ ሲመታ ድምፁ ባዶ የሆነውም እንዲሁ።

ሙሉ ጣሪያ ለመቀየር መወሰኛው ይህ ነው፦ ቀትር ላይ ጨለማ አድርገው ከኮርኒሱ በላይ ሲመለከቱ የብርሃን ነጥብ ከቆርቆሮዎቹ ሲሶ በላይ ላይ ከታየ፣ ወይም ሚስማር በአብዛኛው ማገር ላይ ካልያዘ። ከዚያ ያነሰ ከሆነ የተበሳውን ብቻ ነጥሎ መቀየር ይቻላል። ምርመራው ሰኔ ከመግባቱ በፊት፣ ግንቦት ላይ ይደረግ፤ ሙሉ ቅያሪ ካስፈለገ ግን ክረምቱ እስኪወጣ በጥገና ይዞ ጥቅምት ላይ መጀመር ይመረጣል። ያኔም ትልልቁን ቆርቆሮ ነፋስ ጋብ ባለበት ሰዓት ብቻ ያውጡ፤ ጣሪያ ላይ ሲረግጡም ሚስማር በተመታበት የማገር መስመር ላይ ይርገጡ።