«ክንፍ አውጥተው ቢበሩ ጭልፊት ሁን»፦ ለሱቡታይ የተነገረው ቃልና ትርጓሜው

«ክንፍ አውጥተው ወደ ሰማይ ቢበሩ፣ አንተ ሱቡታይ ጭልፊት ሆነህ አትይዛቸውምን? ምድር ምሰው ቢገቡ፣ ዲጂኖ ሆነህ ቆፍረህ አታወጣቸውምን? ዓሣ ሆነው ባሕር ቢጠልቁ፣ መረብ ሆነህ አታጠምዳቸውምን?»

ይህ አነጋገር በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በተጻፈው «የሞንጎላውያን ምስጢራዊ ታሪክ» ውስጥ የሚገኝ ሲሆን፣ ጄንጊስ ካን የባላንጣው ነገድ የመርኪቶች አለቃ የነበረውን የቶክቶአን የሸሹ ልጆች እንዲያሳድድ ለጦር አለቃው ለሱቡታይ የብረት ሠረገላ ሰጥቶ ሲያሰማራው የተናገረው ነው። መጽሐፉ ነገሩን በ1205 (እ.ኤ.አ.) ያኖረዋል፤ ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች ግን ዘመቻውን ከ1216 ወዲህ ያደርጉታል።

የቃሉ ላይ ላዩ ትርጉም ግልጽ ነው፦ ሰማይም ምድርም ውኃም ለሸሸ ጠላት መጠጊያ አይሆኑም፣ አሳዳጁም «አመለጠኝ» ብሎ ሊመለስ አይችልም። ብዙዎች ጥቅሱን እዚህ ላይ ይቆርጡታል። እኔ ግን ፍሬው ያለው ከዚያ በሚከተለው፣ ግጥም በማይመስለው ትእዛዝ ውስጥ ይመስለኛል። ካኑ ቀጥሎ የሚናገረው ስለ ፈረስና ስለ ስንቅ ነው፦ መንገዱ ሩቅ ስለሆነ ፈረሶቹ ሳይከሱ፣ ስንቁም ሳያልቅ ቆጥብ፤ ከከሱና ካለቀ በኋላ መቆጠብ አይጠቅምም፤ በመንገድ አውሬ ሞልቷልና ወታደሩ ለምግብ ከሚበቃው በላይ እያደነ እንዳይጋልብ፣ በጉዞ ላይ ልጓሙ ከፈረሱ አፍ ይውጣ። ልጓም የሌለው ፈረስ ሽምጥ አይጋለብምና፣ ዲሲፕሊኑ በምክር ሳይሆን በዕቃው አሠራር ይጠበቃል ማለት ነው። አሳዳጁን ጭልፊት የሚያደርገው ይህ ቁጠባ ነው።

በ1220 ሱቡታይና ሌላው የጦር አለቃ ጄቤ፣ በመካከለኛው እስያና በፋርስ የነበረውን የኽዋሬዝም መንግሥት የሚገዛውን ሻህ (ንጉሥ) መሐመድን እንዲያሳድዱ ሲላኩ ቃሉ ቃል በቃል ሊፈጸም ጥቂት ቀርቶት ነበር፤ ሻሁ በእርግጥም ወደ ባሕር ገባ። በካስፒያን ባሕር ደሴት ላይ ታምሞ ስለሞተ መረቡ አልደረሰበትም።

ሁለቱ የጦር አለቆች በዚያው ዘመቻ ካውካሰስን ተሻግረው በ1223 የሩስ (የዛሬዎቹ ዩክሬንና ሩሲያ አካባቢ) መሳፍንትንና የኪፕቻቅ ዘላኖችን ጥምር ጦር ሲገጥሙ፣ ያን የአደን ክልከላ ገልብጠው በጠላት ላይ አዋሉት። የሸሹ መስለው ለዘጠኝ ቀን ያህል አፈገፈጉ፤ ራሳቸው ታዳኝ አውሬ ሆነው ባላጋራቸውን አስጋለቡት። የመሳፍንቱ ጦር ካልካ ወንዝ ሲደርስ ተበታትኖ፣ የፊተኛው ከኋለኛው ርቆ ነበርና ሞንጎላውያን ፊታቸውን አዙረው የቀደሙትን ሰበሩ። ከመሳፍንቱ አንዱ የሆነው የኪየቩ ምስቲስላቭ ከወንዙ ዳር በመሸገበት ኮረብታ ተከብቦ ሦስት ቀን ከተከላከለ በኋላ እጁን ሰጠ።